ወደ ወረዳ የሚወጣው ቁጥር ወደ ቀበሌውም ይመለስ

እንደሚታወቀው የአንድ የገበሬ ማኅበር ጥንካሬ የሚለካው በአባላቱ ብዛት ወይም በመጋዘኑ ስፋት ብቻ አይደለም። መሪዎቹ ውሳኔ በሚሰጡበት ሰዓት ትክክለኛ መረጃ በእጃቸው መኖር አለመኖሩም ትልቅ ቁም ነገር ነው። ለመጪው መኸር ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ይጠየቅ? ዕዳውን ያልከፈለው አባል ማን ነው? በበጋ ለመስኖ የሚውለው ጉድጓድ እስከ መቼ ውኃ ይሰጣል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በግምት ከተሰጠ ጉዳቱ የሚደርሰው በአባላቱ ማሳ ላይ ነው።

ይሁንና በየቀበሌው የሚታየው ልማድ ሌላ ነው። ቁጥር የሚሰበሰበው «ወረዳ ጠይቋል» ተብሎ ነው። ቅጹ ይሞላል፣ ማኅተም ይደረግበታል፣ ይላካል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን የሰጠው ገበሬ ስለ ቁጥሩ አንዳች ነገር አይሰማም። መታረም ያለበት ይህ ልማድ ነው።

የአንድ ድርጅት የመረጃ ሥርዓት ሲባል ብዙዎች ኮምፒዩተር ብቻ ይመስላቸዋል። ኮምፒዩተር ግን መሣሪያ ነው። ሥርዓቱ አምስት ሥራዎችን የያዘ ነው። እነዚህም የሆነውን ነገር በሆነበት ዕለት መመዝገብ፣ የተመዘገበውን ማመሳከር፣ ብዙውን ቁጥር ደምሮና አነጻጽሮ ትርጉም እንዲሰጥ ማድረግ፣ ውሳኔ ለሚሰጠው አካል በጊዜው ማድረስ፣ በመጨረሻም የውሳኔውን ውጤት ተመልክቶ ስሕተቱን ማረም ናቸው። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ የቀሩት አራቱ ድካም ብቻ ይሆናሉ። በደብተርና በእርሳስ የሚሠራ ማኅበር አምስቱን ካሟላ የመረጃ ሥርዓት አለው ማለት ነው። ኮምፒዩተር ገዝቶ አምስተኛውን የረሳ ግን የለውም።

ለዚህ ሩቅ አገር ሄዶ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በዳንግላ ወረዳ፣ በዳንግሽታ ቀበሌ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው የዝናብ መጠንን፣ የወንዝ ውኃ ከፍታንና የጉድጓድ ውኃ ጥልቀትን እየለኩ መመዝገብ ጀመሩ። ሥራው የተቋቋመው ከእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር ነበር። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ነዋሪዎቹ የመዘገቡት መረጃ ከሌሎች ምንጮች ጋር ተነጻጽሮ፣ በጥራቱ ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ የማያንስ ሆኖ መገኘቱን ገልጸዋል።

ይህ ውጤት የተገኘው ውድ መሣሪያ ስለተተከለ አይደለም። የዝናብ መለኪያው ዕቃ፣ የወንዙ ባለ ምልክት እንጨትና ወደ ጉድጓድ የሚወርደው ሜትር ማንም ሊይዛቸው የሚችሉ ቀላል ነገሮች ናቸው። ትልቁ ነገር መዝጋቢው ታውቆ መመደቡ፣ ንባቡ በተወሰነ ሰዓት መደረጉና ቁጥሩ ባልተለወጠ ቅጽ መስፈሩ ነው። የጉድጓድ ውኃ በየወሩ ስንት እንደሚወርድ የሚያውቅ ቀበሌ በበጋ ምን ያህል መሬት በመስኖ ሊለማ እንደሚችል በስብሰባ ተወያይቶ ሊወስን ይችላል። የማያውቅ ቀበሌ ግን ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ከደረቀ በኋላ ይጣላል።

የማዳበሪያ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ፍላጎት ከቀበሌ ተሰብስቦ በወረዳ፣ በዞንና በክልል እየተደመረ ይወጣል። ግዥው የሚፈጸመው ከውጭ አገር ስለሆነ ቁጥሩ ከዘር ወቅት ብዙ ወራት ቀድሞ መታወቅ አለበት። ማዳበሪያው ሲመጣም የሚከፋፈለው በአብዛኛው በዩኒየኖችና በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ነው። የአቅርቦት እጥረት ከቀበሌ ውጭ በሆነ ምክንያትም እንደሚደርስ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቀበሌው የላከውን ቁጥር ቅጂ ካላስቀረ የጎደለው በየት በኩል እንደጎደለ ጠይቆ ሊረዳ አይችልም። አሲዳማ አፈር በሚያስቸግርባቸው የአዊ ደጋማ ቀበሌዎች ደግሞ የትኛው ማሳ በየትኛው ዓመት ስንት ኖራ እንደተደረገለት ካልተጻፈ፣ ኖራው ጠቀመ አልጠቀመ ብሎ መመስከር አይቻልም።

የመሬት ይዞታ ምዝገባም ሌላው ትምህርት ነው። በአማራ ክልል ምዝገባው በ1995 ዓ.ም. ተጀምሮ ባልና ሚስት ከነፎቶግራፋቸው የሰፈሩበት የይዞታ ደብተር ለገበሬው ተሰጥቷል። በኋላም ከአየር ላይ በተነሣ ፎቶግራፍ በመታገዝ የማሳ ካርታ ተዘጋጅቷል። ይሁን እንጂ ባለይዞታው ሲሞት፣ መሬት በውርስ ወይም በስጦታ ሲተላለፍ፣ ለውጡ በጊዜው ካልተመዘገበ ያ ሁሉ የተደከመበት መዝገብ ያለፈውን ዘመን ብቻ የሚናገር ይሆናል። ሟች በመዝገብ ላይ ባለመሬት ሆኖ ሲቀጥል ወራሾች በፍርድ ቤት ይካሰሳሉ። መዝገብ እንደ አጥር ነው፤ በየዓመቱ ካልታደሰ ይፈርሳል።

«ገበሬው እውነተኛ ቁጥር አይነግረንም» የሚሉ መሪዎች አሉ። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ምክንያቱን ግን መርምሮ ማወቅ ይገባል። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በገበሬ ማኅበራት በኩል የእህል ኮታ ይጥል ነበር። ጎጃምን በመሳሰሉ ትርፍ አምራች ክፍለ ሀገሮች ብዙ አመረትኩ ብሎ መናገር በርካሽ ዋጋ ብዙ ማስረከብ ማለት ነበር። ኮታው በ1982 ዓ.ም. ቢቀርም ትምህርቱ አልተረሳም። ቁጥሩ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ እርሱ የሚመለሰው ጫና ብቻ ከሆነ ገበሬው ይደብቃል። የሰጠው ቁጥር መፍትሔ ይዞ ሲመለስ ካየ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሳይጠየቅ ይናገራል። ስለዚህ እውነተኛ መረጃ የሚገኘው በቁጣ ሳይሆን በመልስ ነው።

«ጸሐፊ የለንም፣ ጊዜም የለንም» የሚለው ምክንያትም ቢሆን ብዙ አያስኬድም። ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቶ የወጣ ልጅ የሌለበት ጎጥ ማግኘት ያስቸግራል። ከወጣቶቹ መካከል ሁለቱን መርጦ፣ አንዱ ሲመዘግብ ሌላው እንዲያመሳክር ማድረግ ይቻላል። በመንግሥት መጋዘኖች ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 የሚመዘገበው ገቢውና ወጪው እንዲመሳከሩ ነው። የማኅበሩም መዝገብ የሚያስፈልገው ይኸው ጥንቃቄ ነው። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ መዝጋቢው አንድ ሰው ከሆኑ ግን ማመሳከር የሚባል ነገር አይኖርም።

ስለሆነም ከእንጅባራ ዙሪያ እስከ ዳንግላ የሚገኙ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሦስት ነገሮችን ያለ ምንም ወጪ መጀመር ይችላሉ። አንደኛ፣ ወደ ላይ የሚላክ ማናቸውም ቅጽ ቅጂው በቀበሌ ወይም በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቅር። ሁለተኛ፣ በወር አንድ የታወቀ ቀን ተወስኖ መዝገቡ በአባላት ፊት ይነበብ፤ ጽሑፉ በአማርኛ ቢሆንም አዊኛ በሚነገርበት ቀበሌ በአዊኛ ይብራራ። ሦስተኛ፣ በንባቡ መጨረሻ «ከዚህ ቁጥር ተነሥተን ምን እንወስን?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ከየቀበሌው የተቀበሉትን ደምረው፣ ከጎረቤት ቀበሌዎች ጋር አነጻጽረው የመመለስ ግዴታ እንዳለባቸው ሊዘነጉት አይገባም። መሪዎቹም ይህን መልስ ሳይሰለቹ ሊጠይቁ ይገባል።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ነገር ግን የሚወረሰው ተጽፎ በሣጥን የተቆለፈበት ሳይሆን ለባለቤቱ የተነበበለት ነው።