«ይገነዘባሉ» ከሚለው ቃል ጀርባ፦ የዕለቱ ትምህርት ዓላማ ለምን ግልጽ መሆን አለበት?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር በምዕራብ ሸዋ ከተሞችና ቀበሌዎች ያው የተለመደው ክርክር ይነሣል። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። በ2015ቱ ፈተና 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ማሳለፍ አልቻሉም። ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከአምቦ እስከ ጉደር በየሻይ ቤቱ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱ የመምህራንን ደመወዝ ማነስ፣ ሌላው የመጻሕፍት እጥረትን፣ ሦስተኛው ኩረጃ ሲለመድ የኖረበትን ዘመን ያነሣል። ሁሉም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን ብዙም ሰው ልብ በማይላት አንዲት መስመር ላይ ነው።

መስመሯ የምትገኘው በመምህሩ የዕለት ትምህርት ዕቅድ ላይ ሲሆን «ዓላማ» ትባላለች። በዞናችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ስለሚሰጥ በአብዛኛው «ካዮ» ተብላ ትጻፋለች። መምህሩ በዚያ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹን ምን ላይ ሊያደርስ እንዳሰበ የሚገልጽባት ቦታ ናት። አዘውትሮ የሚጻፍባት ቃል «ይገነዘባሉ»፣ «ይረዳሉ» ወይም «ያውቃሉ» የሚል ነው፤ በአፋን ኦሮሞም «ሁበቹ» እና «ቤኩ» የሚሉት ግሦች ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ቃላቱ መጥፎ አይደሉም። ችግሩ ተማሪው መገንዘቡ በምን እንደሚታወቅ አለመናገራቸው ነው።

ነገሩን በቅርባችን ባለ ምሳሌ እንመልከተው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ጊንጪ ስንደርስ፣ ከከተማዋ በስተሰሜን የጭልሞ ደን ይገኛል። ጥድ፣ ዝግባና ወይራ አብረው የሚበቅሉበት፣ በማዕከላዊው ደጋ ከተረፉት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። በዚያ አካባቢ የሚያስተምር አንድ መምህር የአካባቢ ሳይንስ ዕቅዱ ላይ «ተማሪዎች የደንን ጥቅም ይገነዘባሉ» ብሎ ጻፈ እንበል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። መምህሩ የደን ጥቅሞችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይዘረዝራል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ፤ ደወል ይደወላል። ዓላማው ተሳክቷል? «አዎ» የሚል ሰው ማስረጃ የለውም፤ «የለም» የሚልም እንደዚሁ።

ያው መምህር እንዲህ ቢጽፍስ? «ተማሪው ከቀረቡለት ስድስት ቅርንጫፎች መካከል ጥድን፣ ዝግባንና ወይራን ያለ መምህሩ እገዛ ለይቶ ያሳያል፤ ከሦስቱ የእያንዳንዳቸውን አንድ ጥቅም ይናገራል፤ ተዳፋት ላይ ያለ ደን ቢመነጠር ከታች ባለው ምንጭ ላይ ሊደርስ የሚችለውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስረዳል።» ወዲያው ሥራው ይለወጣል። መምህሩ ከዋዜማው ቅርንጫፍ ማዘጋጀት አለበት። ልጆቹ መንካት፣ ማሽተት፣ መከራከር ይጀምራሉ። ከብት ሲያግድ ከደኑ ዳር የሚውለው ልጅ፣ በክፍል ውስጥ ዝምተኛ የነበረው፣ ምናልባት ያን ቀን ከሁሉ ቀድሞ ይመልስ ይሆናል። ደወሉ ሲደወል ደግሞ ስንቱ እንደለየና ስንቱ እንዳልለየ መምህሩ በጣቱ መቁጠር ይችላል። ነገ ከየት እንደሚጀምርም ያውቃል።

የጭልሞ ነዋሪዎች ይህን ዓይነቱን ትምህርት በሌላ መልኩ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አሳታፊ የደን አስተዳደር ወደ አካባቢው ሲገባ፣ ነዋሪው የደኑን ወሰን መለየትና በውስጡ ያለውን ሀብት መገመት ነበረበት። ደኑን ለመጠበቅና ለመጠቀም የሚደረገው ስምምነት የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና «ስለ ደን ሀብት ቆጠራ ግንዛቤ አግኝቻለሁ» ማለት ብቻውን የሚያራምድ አልነበረም።

ሐሳቡ በዓለም የትምህርት ታሪክ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ሜገር እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ግልጽ ዓላማ ሦስት ነገር ይመልሳል ብሎ ነበር፦ ተማሪው ምን ያደርጋል? በምን ሁኔታ ያደርገዋል? ምን ያህል ቢያደርግ በቃ ይባላል? ይህን ለመረዳት አርሶ አደሩ የሜገርን መጽሐፍ አያስፈልገውም። የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ ጤፍ የሚያሳርም ሰው «አረምን ተገንዘብ» አይልም። ከየት እስከ የት እንደሚታረም በእጁ ያሳያል፣ አረሙ ከነሥሩ እንዲወጣ ይነግራል፣ ማታ መጥቶ ያያል። ለቀን ሠራተኛ ያልነፈግነውን ግልጽነት ለልጆቻችን መንፈጋችን ይገርመኛል።

ይህን ስጽፍ ራሴን ከነቀፌታው አላወጣም። በተማርኩበት የግብርና ኮሌጅ የአፈር አሲዳማነትን የተመለከተ ትምህርት ነበር፤ ዓላማው «ሠልጣኞች የአሲዳማ አፈርን ምንነትና አያያዝ ይገነዘባሉ» ይል እንደነበር ደብተሬ ላይ አሁንም አለ። ትርጉሙን፣ መንስኤውንና መፍትሔውን ሸምድጄ ጥሩ ውጤት አመጣሁ። ለተግባር ልምምድ ገጠር በወጣን ጊዜ ግን አንድ አባወራ ገብሱ ለምን እንደቀጨጨ ጠይቀውኝ፣ የአፈር ናሙና ከማሳው ስንት ቦታ፣ ከምን ያህል ጥልቀት እንደሚወሰድ መናገር አቃተኝ። ኖራ ይጨመር ማለቱን አውቅ ነበር፤ ምን ያህል እንደሚጨመር የሚወስነው የአፈር ምርመራ መሆኑን ግን ለእርሳቸው በሚገባቸው መንገድ ማስረዳት አልቻልኩም። «ልጄ፣ ተማር፤ ገና ነህ» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «ሠልጣኙ ከአንድ ማሳ የአፈር ናሙና በትክክል ወስዶ ለምርመራ ያዘጋጃል» የሚል አንዲት መስመር ብትኖር ኖሮ፣ ኮሌጁም እኔም ያን ቀን ሳይመጣ ጉድለቱን ባወቅን ነበር።

ጉዳዩ የትምህርት ቤት ብቻ አለመሆኑም ከዚህ ይገለጣል። በየቀበሌው ያሉት የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላትም ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም መምህር ነው። የሥልጠና ሪፖርት ግን አዘውትሮ የሚናገረው ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት እንደተሳተፈ ነው። ይህ የተገኘውን ሰው እንጂ የተገኘውን ዕውቀት አይቆጥርም።

የስንዴ ዋግን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን በስፋት ይዘራ የነበረ ዝርያ ክፉኛ ጎዳ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን መታ። በሽታው ከታየ በኋላ የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው፤ ቀድሞ የለየ ገበሬ ቀድሞ ይረጫል፣ ዘግይቶ የለየ ገንዘቡንም ሰብሉንም ያጣል። እንግዲህ «አርሶ አደሮች ስለ ስንዴ ዋግ ግንዛቤ ያገኛሉ» በሚል ዓላማ የሚሰጥ የግማሽ ቀን ንግግር ምን ይፈይዳል? «እያንዳንዱ ተሳታፊ ከማሳ ውስጥ በቅጠል ላይ በቢጫ ዱቄት መስመር የሚታየውን ቢጫ ዋግና በግንድ ላይ ቀይ ቡናማ ሆኖ የሚፈነዳውን የግንድ ዋግ ለይቶ ያመለክታል፤ ምልክቱን ባየ ዕለት ለማን እንደሚያሳውቅ ይናገራል» ቢባል ሥልጠናው ከአዳራሽ ወጥቶ ማሳ ውስጥ መዋል ግድ ይሆንበታል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናትም ከዲፕሎማ ባለቤቱ እኩል ይመዘናሉ፤ ምናልባትም ይበልጣሉ።

ታዲያ የማይለካው ቃል ለምን አልጠፋም? አንዱ ምክንያት ስለሚመች ነው። «ይገነዘባሉ» ብሎ የጻፈ መምህር አይወድቅም። ሌላው ዕቅዱን የሚያየው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ሳጥኑ መሞላቱንና ፊርማ መኖሩን እንጂ የተጻፈው ነገር መመዘን መቻሉን አለመሆኑ ነው። ብዙ ልጆች በታጨቁበት ክፍል በቀን ስድስትና ሰባት ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር ሰው ደግሞ የአምናውን ዕቅድ ቢገለብጥ መፍረድ ያስቸግራል። የሥርዓተ ትምህርቱ ሰነዶች ለየክፍሉ ዝቅተኛ የመማር ብቃትን ያስቀምጣሉ፤ በቅርቡ የተለወጠው ሥርዓተ ትምህርትም ብቃትን መሠረት አደርጋለሁ ይላል። ከሰነዱ እስከ ማክሰኞ ጠዋቷ ክፍለ ጊዜ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው።

መንገዱ መሐል ላይ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የተካሄደው የታችኛው ክፍል የንባብ ምዘና አሳይቷል። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ገብተዋል፤ የክፍል ዕቅድም ተጽፎላቸዋል። ምዘናው ይህን ሊያገኝ የቻለው ጥያቄው ጥርት ያለ ስለነበር ነው፦ ልጁ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል ያነባል? ያ ጥያቄ በአንደኛ ክፍል በየሳምንቱ ቢጠየቅ የማያነበው ልጅ ሁለተኛ ክፍል ሳይደርስ በታወቀ ነበር። በሁለተኛ ክፍል ያልተገኘ ጉድለት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ በመቶኛ ተነግሮን እንደነግጣለን።

እዚህ ላይ የተቃዋሚዎችም ድምፅ መሰማት አለበት፤ ክብደት አለውና። ኤሊየት አይዝነር የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1967 ሁሉን ትምህርት አስቀድሞ በሚለካ ቃል መወሰን ትምህርትን ሊያጠብ እንደሚችል ጽፏል። እውነት ነው፤ ልጅ ግጥም ሲሰማ የሚያድርበትን ነገር፣ ለደን የሚኖረውን ፍቅር በስድስት ቅርንጫፍ አንለካውም። ከዚህ የከፋ አደጋም አለ። ለመለካት የሚቀለው ነገር ብዙ ጊዜ ዝቅተኛው ነው። «አምስት የደን ጥቅሞችን ይዘረዝራሉ» የሚል ዓላማ ግልጽ ነው፣ ይለካልም፤ ነገር ግን ሽምደዳን በአዲስ ልብስ ማቅረብ ብቻ ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ግሡን መቀየር ብቻውን በቂ አይደለም። «ይዘረዝራሉ» ከሚለው ወደ «ይለያሉ»፣ «ያሰላሉ»፣ «ምክንያት ይሰጣሉ» ወደሚለው መሻገር ያስፈልጋል። ለሥነ ጽሑፍና ለግብረ ገብ መምህር ሰፋ ያለ ነፃነት ይተውለት፤ ለንባብ፣ ለሒሳብና ለሳይንስ ግን ሰበብ አይኖረንም።

ወላጆች በዚህ ውስጥ ቦታ አላቸው። በወላጅ፣ መምህር ኅብረት ስብሰባዎች ላይ የሚነሣው በአብዛኛው የአጥር፣ የመቀመጫና የመዋጮ ጉዳይ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ አጀንዳ ቢጨመር የሚከለክል የለም፦ በዚህ ወር የአራተኛ ክፍል ልጆች በሒሳብ ምን መሥራት እንዲችሉ ታቅዷል? ስንቶቹ ቻሉ? ጥያቄው መምህሩን ለመክሰስ መሆን የለበትም። መልሱ «ግማሾቹ አልቻሉም» ከሆነ ለመደጋገፍ መነሻ ይሆናል፤ መልሱ «ተገንዝበዋል» ከሆነ ግን ስብሰባው ገና አልተጀመረም።

በቤትም ቢሆን «ዛሬ ምን ተማርክ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «ሒሳብ» ነው። ከዚያ ይልቅ ሥራ መስጠት ይሻላል። ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ማዳበሪያ ከተባለ፣ የእኛ ማሳ ሦስት ጥማድ ከሆነ፣ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ብለን ብንቆጥር፣ ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ስንት ያስፈልገናል? ልጁ እሳቱ ዳር ተቀምጦ አንድ ተኩል ከረጢት ብሎ ከመለሰ፣ እንዴት እንደደረሰበትም ለአባቱ ካስረዳ፣ ትምህርቱ ገብቶታል። ካልመለሰ ደግሞ ነገ ጠዋት መምህሩ ዘንድ ይዞት የሚሄደው ጥያቄ አገኘ።