የለጠፈ ያስላቅቅ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታና በአዲስ ዓለም አድርጎ፣ የደንዲ ወረዳ ከተማ የሆነችውን ጊንጪን አቋርጦ ወደ አምቦና ጉደር የሚዘልቀው መንገድ የምዕራብ ሸዋ የንግድ ደም ሥር መሆኑ ይታወቃል። በዚህ መስመር ከሚመላለሱት የንግድ መኪኖች መካከል ጎኑ ባዶ የሆነ ማግኘት ያስቸግራል። አይሱዙው የሲሚንቶ ወይም የመጠጥ ስም፣ ቅጥቅጡ የባንክ ማስታወቂያ፣ ሚኒባሱ የኳስ ቡድን ዓርማና የቅዱሳን ሥዕል ተለጥፎበታል። ብዙው ስቲከር ዕድሜውን ጨርሷል። ጫፉ ተቆልምሟል፣ መሐሉ ተሰነጣጥቋል፣ አንዳንዱም የሚያስተዋውቀው ዕቃ ከገበያ ወጥቷል።

ታዲያ ይህ ለገበያ ገጽ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ስቲከር ሲለጠፍ ዋጋው ይታወቃል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ሲነሳ የሚያስከትለው ወጪ ግን በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ያልተመዘገበ ወጪ ደግሞ የሚከፍለው አያጣም። በአብዛኛው ከፋዩ ከዚያች አንዲት መኪና በቀር ሌላ ሀብት የሌለው ባለንብረት ነው።

መጀመሪያ ሥራውን እንመልከት። የመኪና ስቲከር ፒቪሲ ከተባለ ፕላስቲክ የሚሠራ፣ ከጀርባው ሙጫ የተቀባ ስስ ቪኒል ነው። አዲስ ሳለ ለስላሳና ተሳቢ ነው። ፀሐይ ሲመላለስበት ግን የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር እየተነነ ይሄድና ይደርቃል። ሙጫውም ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል። ርካሹ ዓይነት ከ3 እስከ 5 ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው። ጊንጪና አምቦ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ በየ1 ሺህ ሜትሩ የፀሐይዋ አልትራ ቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እዚህ አገር የቆየ ስቲከር ሲላጥ እንደ ጥፍር እየተሰባበረ የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለመኪናው ታዲያ ምን ያደርጋል? ወደ ላቫጆ ወይም ወደ ጋራዥ ይወስደዋል። እዚያም አንድ ልጅ ቢላና ምላጭ ይዞ ይፍቃል፣ የቀረውን ሙጫ በቤንዚን ወይም በቲነር ያሸዋል። ምላጩ ቀለሙን ይሰነጥቃል፣ በተሰነጠቀው ውሃ ይገባል፣ ከአንድ ክረምት በኋላ ዝገት ብቅ ይላል። ቲነር በበኩሉ ዳግም የተቀባ ቀለምን ያቀልጣል። ቤንዚኑን ልጁ ቀኑን ሙሉ ይተነፍሰዋል፣ በባዶ እጁም ይነክረዋል። አጠገቡ ሲጋራ የለኮሰ ሰው ቢያልፍ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

ይህ ሁሉ አልፎ እንኳ የድሮው ስም አይጠፋም። ከስቲከሩ ሥር የነበረው ቀለም ፀሐይ ስላላገኘው ደማቅ ሆኖ ይቀራል። ዙሪያው የነጣ ስለሆነ ፊደሉ እንደ ጥላ ይነበባል። ስለዚህ ባለንብረቱ ጎኑን በስቱኮ ደፍኖ ያስቀባዋል። ጉዳቱ የሚታየው መኪናው ለሽያጭ ሲቀርብ ነው። ገዢና ደላላ ስቱኮ ሲያገኙ መኪናው ተጋጭቷል ብለው ያስባሉ። ገዢ ያላወቀውን ነገር ሁሉ ከዋጋ ላይ ይቀንሳል፤ የምጣኔ ሀብት ትምህርትም የሚለው ይህንኑ ነው። አንድ ጊዜ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያስገኘው ገቢ በሽያጭ ቀን ተመልሶ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ኪሳራ ዛሬ ከቀድሞው ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ወደ አገር ማስገባትን አስወድዶታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። መኪናን መተካት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ያለውን አካል ጠብቆ ማቆየት ቅንጦት ሊባል አይችልም።

የስም ጉዳይም አለ። የድርጅቶች ስም ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ። የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። የሼል ማደያዎች ኦይል ሊቢያ፣ ቀጥሎም ኦላ ኢነርጂ ሆኑ። ቶታልም በ2013 ዓ.ም. ቶታል ኢነርጂስ ተባለ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ለራሳቸው መኪና በጀት ይመድባሉ። በኮንትራት ገብቶ የወጣው ባለ አንድ አይሱዙ ግን የድሮውን ስም ተሸክሞ ይዞራል።

የሰው ስም ይዞ መዞር አንዳንድ ጊዜ ከገንዘብ ያለፈ ዋጋ ያስከፍላል። በ2009 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዚሁ ዞን በአዳ በርጋ በተነሳው ሁከት የዳንጎቴ ሲሚንቶ ፋብሪካ ማሽኖችና የጭነት መኪኖች ጉዳት እንደደረሰባቸው በወቅቱ ተዘግቧል። በእንዲህ ያለ ቀን መንገድ ላይ የተገኘ ሾፌር በጋቢናው በር ላይ ስላለው ስም፣ «ውሌ ካለቀ ቆይቷል» ብሎ የሚያስረዳበት ጊዜ አያገኝም። በሰላሙም ቀን ቢሆን መኪናው ሰው ቢገጭ ወይም ዕቃ ቢያጎድል ቅሬታው የሚደርሰው ስሙ ለተጻፈው ድርጅት ነው። ስለዚህ አሮጌውን ስም ማስነሳት ለድርጅቱም ይጠቅመዋል።

እንግዲህ ወጪው የማን ይሁን? በበኩሌ መልሱ ግልጽ ነው እላለሁ፤ የለጠፈ ያስላቅቅ። ጥቅሙን የወሰደው እሱ ነው። የቪኒሉን ዓይነትና ዕድሜ የመረጠውም እሱ ነው። የማስነሻው ወጪ የራሱ መሆኑን ካወቀ የተሻለውን ቪኒል ይመርጣል፣ ሳይደርቅም በጊዜው ያነሳዋል።

አስተዋዋቂዎች «ለባለመኪናው ኪራይ ከፍለናል፣ ማስነሻውም በዚያው ውስጥ ነው» ይሉ ይሆናል። ሁለቱም ወገን አውቆ የተስማማበት ከሆነ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ብዙው ስምምነት የቃል ነው። በጽሑፍ የሰፈረውም ቢሆን ስለ መለጠፍ እንጂ ስለ ማንሳት አይናገርም። ዋጋ ያልተነገረበትን ነገር ተከፍሎበታል ማለት አይቻልም። መድኃኒቱም ቀላል ነው። ውሉ ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ ስቲከሩ የሚነሳበት ቀን፣ የሚያነሳው ወገን፣ ቀለሙ ታይቶ ደህና መሆኑ እስኪረጋገጥ የሚያዝ መጠነኛ ገንዘብ።

ሥራው ራሱም ለጊንጪና ለአምቦ ወጣቶች እንጀራ ሊሆን ይችላል። ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። የፀጉር ማድረቂያ ወይም የሙቅ አየር መሣሪያ፣ የፕላስቲክ መፋቂያ፣ ጨርቅ፣ ሳሙናና ጓንት በቂ ነው። ቪኒሉ እጅ የሚችለው ያህል ይሞቃል፣ ከጫፉ ተይዞ ወደ ኋላ ታጥፎ በዝግታ ይሳባል። የቀረው ሙጫ በነጭ ጋዝ ወይም በምግብ ዘይት ርሶ ጥቂት ይቆይና በፕላስቲኩ ይጠረጋል፣ ከዚያም በሳሙና ይታጠባል። ነጭ ጋዝ የሚነካው ግን ማሞቂያው ጠፍቶ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ማናቸውም ማሟሚያ አስቀድሞ በማይታይ ቦታ መሞከር አለበት። ምላጭ ለመስተዋት ብቻ ይሁን። ጥላ የቀረ እንደሆነ ፖሊሽ ያደበዝዘዋል። ልጣጩን ማቃጠል አይገባም፤ ፒቪሲ ሲነድ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ይህን የሚሠራ ሰው የሚያስከፍለው ከቀለም ቀቢው ያነሰ፣ ቢላ ከያዘው ልጅ የበዛ መሆን ይኖርበታል። ገበያው ግን የሚፈጠረው ወጪው ባለቤት ሲያገኝ ነው። የሚቀጥለው አስተዋዋቂ ጥቅልል ቪኒሉን ይዞ ሲመጣ፣ ባለመኪናው ስለ ኪራዩ ከመደራደሩ በፊት መቼና በማን ወጪ እንደሚነሳ ይጠይቅ፣ መልሱንም በወረቀት ያስፍር።