ውርስ ከነዕዳው

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ከሞርሲቶ፣ ከሆሳዕናና ከዙሪያው ወጥተን ዩኒቨርሲቲ የገባን ተማሪዎች ዛሬ በማኅበራችን ጋዜጣ ላይ የምናነሣው ነገር ሥሩ በየቤታችን ጓሮ ይገኛል። ነገሩ የውርስ ነገር ነው። አንዳንድ አንባቢ «መሬት በ1967 ዓ.ም. ከባለርስቱ እጅ ከወጣ ወዲህ ደግሞ የምን ውርስ ነው?» ይለን ይሆናል። ሰው ካባቱ የሚወርሰው መሬት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠያቂው እውነቱን ነበር። ነገር ግን ስም ይወረሳል፤ ክብር ይወረሳል፤ ንቀት ይወረሳል፤ ዝምታም ይወረሳል።

በሀድያም ሆነ በከምባታ ዘንድ ትውልድ መቁጠር ትልቅ ዕውቀት ነው። ሽማግሌዎቻችን እንግዳ ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ይጀምሩና ያለ ወረቀት ቤት በቤት ወደ ላይ ይወጣሉ። ጋብቻ የሚጣራው፣ ደም የሚታረቀው፣ የእንሰቱ ጓሮ ድንበር የሚለየው በዚህ ቆጠራ ነው። በዚህ ዕውቀት እንኮራለን። ቆጠራው ሲያልቅ ግን የጎደለ ሰው አለ። ያን እንሰት ኮትኩታ ያሳደገችውና የፋቀችው፣ ከብቱን ያገደው፣ ውሃውን የተሸከመው፣ ጌታው ሲሞት ከበሬና ከጋን ጋር ተቆጥሮ ለልጁ የተላለፈው ሰው ስሙ በስንተኛው ቤት ይጠራል? በየትኛውም አይጠራም።

ይህን ስናነሣ በመጀመሪያ የሚሰጠን መልስ «ያ ሁሉ የነፍጠኛው ሥራ ነው» የሚል ነው። ነፍጠኛው የሠራውን አንክድም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአፄ ምኒልክ ጦር አገራችንን ከያዘ በኋላ ዋቸሞ ይባል የነበረው ስፍራ የጦር ሰፈር ሆነ፤ በበዓሉም ስም ሆሳዕና ተባለ። ለወታደሩ ደመወዝ በገንዘብ አልተቆረጠለትም፤ ደመወዙ ሰው ነበር። እንደ ማዕረጉ ገባር ተቆጥሮ ተሰጠው፤ ገባሩም እህልና ማር ገበረ፣ እንጨት ፈለጠ፣ አጥር አጠረ፣ ሚስቱ ለጌታው ቤት ፈጨች። በጎረቤታችን በወላይታ ደግሞ በ1887 ዓ.ም. የተደረገውን ዘመቻ ቫንደርሄይም የሚባል ፈረንሳዊ ከጦሩ ጋር ሄዶ በዓይኑ አይቶ ጽፎታል፤ ለንጉሠ ነገሥቱ የደረሰውን ድርሻ ሲቆጥር 18,000 ከብትና 1,800 ምርኮኛ ይላል። ከብቱና ሰው በአንድ መስመር ላይ!

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ታሪኩ ከዚያ ይጀምራልን? በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዐረባዊ ጸሐፊ አል ዑመሪ በሌላ ስፍራ የተሰለቡ ባሮች ቁስላቸው ታክሞ ለገበያ እንዲበቁ ወደ ሀድያ ይወሰዱ እንደነበር መዝግቧል። የዚያ ዘመን ሀድያ ወሰኑ የዛሬው እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ስሙ ግን ስማችን ነው። ንግሥት እሌኒ የሀድያ ልጅ ናት ብለን በአደባባይ የምንኮራ ከሆንን አል ዑመሪ የጻፈውንም ከዚያው ሣጥን ልናወጣው ይገባል። ኋላም ቀላድ በተጣለበት ስፍራ ሲሶው ለማን ቀረ? ላገሬው ባላባት አይደለምን? ገባሩን ከመልከኛው ጋር ተካፍሎ የበላ፣ በገዛ ቋንቋችን ያዘዘ፣ ባሪያም ያሳደረ ሰው ከመካከላችን ነበር። እንግዲህ ዕዳውን ሁሉ ከሩቅ በመጣው ሰው ጫንቃ ላይ ጥሎ የራስን እጅ መታጠብ ታሪክ ማወቅ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው መልስ «ሕጉ ነጻ አውጥቷቸዋል፣ ነገሩ አልቋል» የሚል ነው። ሕጉን እንመልከተው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በዚያው ዓመት በመጋቢት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ደንብ ወጣ። በዚያ ደንብ ጌታው የሞተበት ባሪያ ወዲያውኑ ነጻ አልወጣም፤ ከወራሾቹ ጋር ሰባት ዓመት መቆየት ነበረበት። በ1923 ዓ.ም. ሰባቱ ዓመት ወደ አንድ ዓመት ዝቅ አለ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የቀረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል! ነጻ የሚያወጣው ደንብ ራሱ ሰውን በውርስ መዝገብ ውስጥ ለሰባት ዓመት አቆይቶታል። ሟቹ ተቀብሮ፣ ተዝካሩ ወጥቶ፣ ልጆቹ ተካፍለው፣ ያ ሰው ገና የቤቱ ዕቃ ነበር።

ነጻ በወጣም ጊዜ ምን ተሰጠው? መሬት አልተሰጠው፤ በሬ አልተሰጠው። ገባሩም ቢሆን ገባርነት ቀረ ከተባለ በኋላ በማደሪያ የተያዘው መሬት የግል ርስት እየሆነ ሲሄድ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ፤ የከምባታና ሀድያ አውራጃ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረበት ዘመን እርቦ፣ ሲሶና እኩል እየከፈለ ኖረ። ርስተ ጉልት የተሻረው በ1958 ዓ.ም. ነው። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በየካቲት 1957 ዓ.ም. ነበር፤ አዋጁ የወጣው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ያ አዋጅ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን አፈረሰ፤ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይያዝ ወሰነ፤ ለተወሰደውም መሬት ካሣ አልከፈለም። ታላቅ ሥራ ነበር፤ ይህን የሚክድ ከመካከላችን የለም።

ሆኖም ቋንቋችን አንድ ምሥጢር ይዟል። መንግሥት የወሰደውንም፣ ልጅ ካባቱ የተረከበውንም በአንድ ቃል «ተወረሰ» እንላለን። በ1967 ዓ.ም. መሬቱ ተወረሰ፤ በየቤቱ ግን ሌላው ሁሉ ተወረሰ! በጭሰኛው እህል የተማረው ልጅ ትምህርቱን አልተነጠቀም። የባላባቱ ስም አልተነጠቀም። «የእነ እገሌ አሽከር የነበሩት» የሚለው ቃልም ከአፍ አልተነጠቀም። ከጓደኞቻችን አንዱ ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌዎቹ በክብር ተቀብለው ከተሸኙ በኋላ፣ በሳምንቱ «አጥንታቸው አይስማማም» የሚል መልስ መጣለት። ልጁ የተማረ ነው፤ ልጅቱም ትወደዋለች፤ ሁለቱም በአንድ ክፍል ተምረዋል። የተጠየቀው ግን የቅድመ አያቱ ጉዳይ ነበር። ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ስማቸው እንደ ስድብ እየተጠራ ከማዕድና ከጋብቻ ሲገለሉ የኖሩት በማን አዋጅ ነው? ይህን የሚሽር ሄክታር የለም።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ስለዚህም ከሁሉ ይልቅ ያታልላል። «የእኛ ቤት እንደ ሌላው አልነበረም፤ እንደ ልጅ ነበር የያዝናቸው» ይባላል። መልካም! ይህን ቃል ይዘን ወደ ሕጉ እንሂድ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 842 የሟች ልጆች አስቀድመው እንዲወርሱ፣ ድርሻቸውም እኩል እንዲሆን ያዛል። የጉዲፈቻ ልጅም እንደ ልጅ ይቆጠራል። እንግዲያው ያ «እንደ ልጅ» የተያዘው ሰው ድርሻው የት አለ? የትኛው ጓሮ ተቆረሰለት? የትኛው ጥጃ ተመረጠለት? በትውልድ ቆጠራ ውስጥ በስንተኛው ቦታ ገባ? ሲሠራ ልጅ፣ ሲካፈሉ ባዳ የሆነ ልጅ ከቶ በየትኛው አገር ታይቷል? ደግነት ቢኖርም እንኳ ደግነት ድርሻን አይተካም።

ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 826 የሟች መብትና ግዴታ አብረው ወደ ወራሹ እንደሚያልፉ ይናገራል። ውርስን ላለመቀበልም መንገድ ይሰጣል፤ ነገር ግን ቤቱን ይዞ ዕዳውን ለጎረቤት መተው የሚባል ነገር አያውቅም። ለግለሰብ የተጻፈው ይህ ሕግ ለትውልድም ይስማማል እንላለን። የአያቱን ፎቶግራፍ በሳሎን የሰቀለ፣ በአያቱ ማዕረግ የሚጠራ፣ በአያቱ ስም በሸንጎ ፊት ወንበር የሚቀርብለት ሰው ውርሱን ተቀብሏል፤ ዕዳውንም መቁጠር ይኖርበታል።

በዚህ ረገድ ሌላው ዓለም የሠራውን ማየት ይጠቅማል። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1833 በአውሮፓ አቆጣጠር በቅኝ ግዛቶቹ ባርነትን ሲሽር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበ። ለማን? ለባለባሮቹ! በሸንኮራ እርሻ ላይ ጀርባቸው ለተገረፈው ምንም አልተሰጠም። ለዚያ ካሣ የገባው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ግፉ ግፍ ነው፤ ነገር ግን ካሣ ለማግኘት ሲሉ ጌቶቹ የባሮቻቸውን ቍጥር አስመዝግበው ስለነበር መዝገቡ ቀረ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው መዝገቡን ከፍተው የአያታቸውን ስምና የተቀበለውን ገንዘብ ያነባሉ። የእኛ መዝገብ የት ነው? በሽማግሌዎቻችን ልብ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ሽማግሌ ሲቀበር አንድ መዝገብ አብሮ ይቀበራል።

«የዳነ ቁስል አትቆስቁሱ» የሚሉንንም ሰምተናል። ግን ማነው ዳነ ያለው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። «አጥንታቸው አይስማማም» የተባለው ልጅ ቁስሉ ትናንት የተከፈተ ነው። ዝም በሉ የሚለን ሰው ሰላም የሚፈልግ ይመስላል፤ በውነቱ የሚጠብቀው የወረሰውን ነው።

በዚህ ማኅበር ውስጥ የባላባት ዘር አለ፤ የወታደር ዘር አለ፤ የገባር ዘር አለ፤ የባሪያ ዘር አለ። በአንድ ገበታ እንበላለን፤ በአንድ አዳራሽ እንተኛለን። ስለዚህ የምንጠይቀው ከአቅማችን በላይ አይደለም።

አንደኛ፤ በዕረፍት ወደ ሞርሲቶ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ዱራሜ ወይም ወደ ሾኔ የምንሄድ ሁሉ ደብተር እንያዝ። አባቶቻችንንና እናቶቻችንን በአክብሮት ቁጭ ብለን እንጠይቅ፤ «ይህን ጓሮ ከእኛ በፊት ማን ያዘው? በዚህ ቤት ሥጋ ሳይሆን ያደገ ማን ነበር? መቃብሩስ የት ነው?» የሚነግሩንንም ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንጻፍ።

ሁለተኛ፤ አስቀድሞ የሚጻፈው የባለቤቱ ስም ይሁን። ባሪያ ያሳደረው፣ ገባር የቆጠረው፣ ሲሶ የበላው ማን እንደነበር የገዛ ልጆቹ ይናገሩ። በግፍ የተያዘውን ሰው ዘር ግን ያለ ፈቃዱ ማንም በአደባባይ አይጥራው፤ ታሪኩ የእርሱ ነውና መናገሩም ዝም ማለቱም የእርሱ ምርጫ ነው። እስከ ዛሬ ኀፍረቱን የተሸከመው የተበደለው ነው። ከእንግዲህ ኀፍረቱ ወደ ባለቤቱ ይመለስ።

ሦስተኛ፤ ለእኛ ለራሳችን ጋብቻ ሽማግሌ በሚላክበት ቀን አጥንት የሚጠየቅ ከሆነ «ይህን ጥያቄ አንወርስም» እንበል። አባት ይቆጣ ይሆናል፤ እናት ታለቅስ ይሆናል። መሬት ላራሹ ያሉት ተማሪዎች ብዙዎቹ የባለመሬት ልጆች ነበሩ፤ የአባቶቻቸው ቁጣ አላስቆማቸውም። ከእኛ የሚጠየቀው ከዚያ ያነሰ ነው፤ የገዛ ቤታችንን ደጃፍ መክፈት ብቻ ነው።

ውርሱን የተቀበለ ዕዳውን ይቁጠር!