የማሕፀን መውረድና የእናቶች ሸክም

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአበው ብሂል ለደዌ ሁሉ የተነገረ ቢሆንም፥ ለማሕፀን መውረድ ግን ከሁሉ ይልቅ ይስማማል። ይህ ደዌ ሴቲቱን ቶሎ የማይገድል፥ ከአልጋም ላይ ፈጽሞ የማይጥል በመሆኑ፥ ብዙ እናቶች ለባላቸው እንኳ ሳይገልጡ እንስራ እያዘሉና እንጨት እየተሸከሙ ዓመታትን ያሳልፋሉ። ስለ ሴት ገላ መናገር ነውር መስሎ ስለሚታይም ነገሩ በሸንጎም ሆነ በዓውደ ምሕረት ሳይነሣ ይቀራል። ሆኖም የእናቶችን ሕይወት የሚነካ ነገር በጨዋ ቃል ሲነገር ነውር የለበትም፤ ነውሩ መድኃኒት እያለ ዝም ማለት ነው።

የደዌው አመጣጥ እንዲህ ነው። በዳሌ ውስጥ፥ ከፊት ካለው አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ድረስ፥ እንደ ጠፍር አልጋ የተወጠሩ ጡንቻዎች አሉ። በእነርሱም ላይ ከፊት የሽንት ፊኛ፥ ከመካከል ማሕፀን፥ ከኋላ የታችኛው አንጀት ያርፋሉ፤ ጅማቶችም ከላይና ከጎን ደግፈው ይይዟቸዋል። ጠፍሩ የላላ አልጋ የተኛበትን ሰው ወደ መሬት እንደሚያወርድ ሁሉ፥ ጡንቻዎቹ ሲላሉ ወይም ሲቀደዱ የተሸከሙት ነገር ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲብስም ወደ ውጭ ይወጣል። ያን ጊዜ ሴቲቱን ክብደት ይሰማታል፤ ሽንት እምቢ ይላታል ወይም ያመልጣታል፤ መቀመጥና መራመድም ያስቸግራታል። ዋናው ምክንያት ወሊድ ነው፤ ይልቁንም ምጥ የረዘመባትና ደጋግማ የወለደች ሴት ለዚህ የተጋለጠች ናት። በዚህም ላይ ዕድሜ፥ የቆየ ሳል፥ የሆድ ድርቀትና ከባድ ሸክም ይጨመርበታል።

በጎንደር በዳባት ወረዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት ለዚህ ምስክር ነው። በምርመራ ከታዩት ሴቶች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ መውረድ ተገኝቷል፤ ሲጠየቁ ሕመሙን የተናገሩት ግን ከመቶ 10 እንኳ አልሞሉም። ቀላሉ መውረድ ሳይሰማ ሊኖር ስለሚችል ልዩነቱ ሁሉ ከዕፍረት የመጣ ነው አይባልም። ሆኖም ጥናቱ ደዌው ከረዘመ ምጥና በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ከሚሸከሙት ከባድ ሸክም ጋራ የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል።

ሕክምናው እንደ ሕመሙ ደረጃ ይለያያል። ገና የጀመረ እንደ ሆነ ጡንቻዎቹን ማጠንከር ይረዳል፤ ይኸውም ሽንትን ለመያዝ እንደሚደረገው አጥብቆ መያዝና መልቀቅ፥ ይህንንም በየቀኑ ለወራት መደጋገም ነው። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተሙት ጽሑፍ የታወቀው ይህ ልምምድ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይህ ካልበቃ ማሕፀኑን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት በባለሙያ እጅ ይገባል። ደዌው የባሰ ሲሆን ግን ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ማሕፀኑን ያወጣል፥ ወይም ከጠንካራ ጅማት ጋራ ሰፍቶ ያቆመዋል፤ የላላውንም ግድግዳ ያጠብቃል። ይህ ሕክምና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፥ እንዲሁም ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 ባቋቋሙት በአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ሲሰጥ ቆይቷል።

ነገር ግን መርፌ የላላውን ይሰፋል እንጂ የተጎዳውን ጡንቻ ሁልጊዜ እንደ ቀድሞው አያደርገውም። ስለዚህ ሐኪሞች ከኦፕራሲዮን በኋላ ሴቲቱ ለ6 ሳምንት ያህል ከባድ ነገር እንዳታነሣ ያዝዛሉ፤ ከዚያም ወዲያ ሸክሟ ካልቀለለ ደዌው ሊመለስ ይችላል። ምንጩ ሩቅ በሆነበት ቀበሌ ይህ ትእዛዝ በማን ጉልበት ይፈጸማል? ባልዋ እንስራውን ካልተቀበላት፥ ልጆችዋና ጎረቤቶችዋም ካላገዟት፥ ሐኪሙ በሆስፒታል የደከመበት ሥራ በወንዝ መንገድ ላይ ይፈርሳል። እንግዲህ ሕክምናው የሚጀመረው በሐኪም እጅ ቢሆንም የሚፈጸመው በሴቲቱ ቤት መሆኑን ማወቅ ያሻል።

በሹማምንት በኩል ንጹሕ ውሃን ወደ መንደር ማቅረብ፥ የተማረች አዋላጅን በየጤና ጣቢያው ማኖር፥ ምጥ የጸናባት ሴት ወደ ሆስፒታል የምትደርስበትን መንገድና መጓጓዣ ማሰናዳት የዚህ ደዌ መከላከያ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ መወሰኑም በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር፥ አካልዋ ያልጠነከረ ልጅ ወደ ምጥ እንዳትገባ መጠበቅ የሹመት ግዴታ ነው።

በካህናት በኩል ደግሞ ሌላው የማይደርስበት በር የተከፈተ ነው። የንስሐ አባት የቤቱን ምሥጢር ያውቃል፤ ቃሉም በባልና በሚስት ዘንድ ይሰማል። ወንድ የወለደች 40፥ ሴት የወለደች 80 ቀን የምትቆይበት ሥርዓት የታወቀ ነውና፥ በዚሁ ወራት አራስዋ ከእንስራና ከእንጨት ሸክም ጭምር እንድታርፍ ባልዋን ቢመክር ሥርዓቱ ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለሥጋም ይጠቅማል። የታመመችውንም ደዌዋ ርኵሰት ወይም ቍጣ አለመሆኑን ነግሮ ወደ ሐኪም ቢልካት ትልቅ ምጽዋት አድርጓል።

አሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈሳት የነበረችው ሴት በስውር ከኋላ ቀርባ ብትፈወስም፥ በሕዝብ መካከል መገለጥዋ ለክብርዋ እንጂ ለኀፍረትዋ አልሆነም። ዛሬም ተሸሽጋ የምትሠቃየው እናት ሳትፈራ ተናግራ እንድትታከም፥ ታክማም እንድታርፍ፥ ሹሙ በሥራው፥ ካህኑ በምክሩ፥ ባልም በጫንቃው ሊረዷት ይገባል።