የምርጫ ቴክኖሎጂና የመራጩ እምነት፦ ጉዳዩ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ አኳያ ሲታይ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ለ7ኛው ጠቅላላ ምርጫ የመራጮችን ምዝገባ በዲጂታል ዘዴ ጭምር ለማከናወን መዘጋጀቱን ማስታወቁ ይታወሳል። ምርጫና ኮምፒውተር በአንድነት በተጠሩ ቁጥር ከዜጎች የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማሽኑ የሰጠሁትን ድምፅ ለሌላ ቢያደርገውስ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሌሎች ሀገሮች ፍርድ ቤት ድረስ ደርሶ መራጩ የረታበት ጊዜም አለ። ይሁን እንጂ በሀገራችን፣ በተለይም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ትኩረት የሚያሻው ሥጋት ያለው ከድምፅ መስጫው ይልቅ በመራጮች መዝገብ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ለይቶ ያስረዳል፤ ዜጋው መብቱን ለማስከበር ማድረግ የሚገባውንም ያመለክታል።

የድምፅ መስጫ ማሽንና ዲጂታል ምዝገባ አንድ አይደሉም

የድምፅ መስጫ ማሽን የሚባለው መራጩ በወረቀት ላይ ምልክት ከማድረግ ይልቅ ቁልፍ ወይም ስክሪን በመንካት የሚመርጥበት፣ ድምፁም በመሣሪያው ውስጥ የሚቆጠርበት ነው። ዲጂታል ምዝገባ ደግሞ የመራጩ ስም፣ ዕድሜና አድራሻ በወረቀት መዝገብ ፋንታ ወይም ከእርሱ ጎን ለጎን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያዝበት አሠራር ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ዜጎች የተመዘገቡት በእጅ በሚጻፍ መዝገብ ነበር። ድምፁም የተሰጠው በወረቀት ነው፤ ወረቀቱ በሚያሳይ ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት በምርጫ ጣቢያው ተቆጥሯል፤ ውጤቱም በዚያው ጣቢያ ተለጥፏል። የተቆጠረ ወረቀት እንደገና ሊቆጠር ይችላል። ክርክር ቢነሣ ማስረጃው በእጅ የሚዳሰስ ነው።

የሌሎች ሀገሮች ተሞክሮ

በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2005 የፓርላማ ምርጫ የድምፅ መስጫ ማሽኖች አገልግለው ነበር። የሀገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 2009 በሰጠው ውሳኔ የማሽኖቹ አጠቃቀም ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው ብሏል። የውሳኔው መሠረት ማሽኑ ተጭበርብሯል የሚል አልነበረም፤ የተለየ የቴክኒክ ዕውቀት የሌለው ተራ ዜጋ የምርጫውን ዋና ዋና ሂደቶች በራሱ ማረጋገጥ መቻል አለበት የሚል ነበር። አየርላንድም ከ50 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ያወጣችባቸውን ማሽኖች በመላ ሀገሪቱ ሥራ ላይ ሳታውላቸው አስወግዳቸዋለች።

በአህጉራችን ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ2014 በድምፅ መስጫ ማሽን ሀገር አቀፍ ምርጫ በማካሄድ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሆነች። ይሁን እንጂ የወረቀት ማረጋገጫ የሌለው ማሽን ተገቢ አለመሆኑን የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በመወሰኑ፣ በዚያው ዓመት የተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ወደ ወረቀት ተመልሷል። በጎረቤት ኬንያ ደግሞ የድምፅ አሰጣጡ በወረቀት ሆኖ ሳለ ችግር የተፈጠረው በውጤት አስተላለፉ ላይ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የእ.ኤ.አ. 2017ን የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲሰርዝ ከመነሻዎቹ አንዱ ውጤት በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የተላለፈበት ሁኔታ ግልጽና ሊረጋገጥ የሚችል አለመሆኑ ነው። ማሽንን በስፋት የምትጠቀመው ህንድ በበኩሏ መራጩ የመረጠውን በወረቀት አይቶ የሚያረጋግጥበትን መሣሪያ ከማሽኑ ጋር አያይዛለች።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው። አንድ ቴክኖሎጂ በምርጫ ላይ እምነት የሚጣልበት ዘመናዊ በመሆኑ ሳይሆን፣ ዜጋው ያለ ባለሙያ እገዛ ሊመረምረው የሚችል ማስረጃ ትቶ የሚያልፍ ሲሆን ነው።

በክልላችን ጉዳዩ ለምን ክብደት ይኖረዋል?

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ድምፅ የመስጠት መብት በሌሎች አካባቢዎች ካለው የተለየ ታሪክ አለው። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ በአሶሳ ከተማና በአካባቢዋ ድምፅ ሲሰጥ፣ በመተከልና በካማሺ ዞኖች በብዙ አካባቢዎች በጸጥታ ችግር ምክንያት ምርጫው ሳይካሄድ ቀርቷል። የእነዚህ አካባቢዎች ነዋሪዎች የመምረጥ ዕድል ያገኙት ቦርዱ ሰኔ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ባካሄደው ቀሪና ድጋሚ ምርጫ፣ ማለትም ከ3 ዓመት በኋላ ነው። 3 ዓመት ለጠበቀ መራጭ ስሙ ከመዝገብ መቅረቱ ቀላል ስሕተት ተደርጎ ሊታይ አይችልም።

የዲጂታል ምዝገባ ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንድ ሰው በሁለት ቦታ እንዳይመዘገብ ይከላከላል፤ መዝገብ በመንገድ ላይ እንዳይጠፋ ወይም በዝናብ እንዳይበላሽ ያደርጋል፤ በመፈናቀል ምክንያት ሰነዱን ያጣ ዜጋ ቀደም ሲል የተያዘ መረጃው እንዲገኝ ይረዳል። ሆኖም በክልሉ ቢያንስ 4 ጉዳዮች ጥንቃቄ ይሻሉ።

የመጀመሪያው ኔትዎርክና ኃይል ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ክልል፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ ቢሆንም፣ የኤሌክትሪክ መስመርና አስተማማኝ ኔትዎርክ ያልደረሳቸው ቀበሌዎች አሁንም አሉ። ስለዚህ መሣሪያው ያለ ኔትዎርክ መመዝገብ የሚችል፣ ባትሪው ሲያልቅም ምዝገባውን በወረቀት ማስቀጠል የሚቻል መሆን ይኖርበታል።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ስሞች በአማርኛ ፊደል ሲጻፉ አንዱ መዝጋቢ ከሌላው ሊለያይ ይችላል። በወረቀት መዝገብ ላይ የምርጫ ጣቢያው ሠራተኛ ሰውየውን ስለሚያውቀው ችግሩን በቀላሉ ይፈታዋል፤ ኮምፒውተር ግን በአንድ ፊደል የተለያየን ስም ሌላ ሰው አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል።

ሦስተኛው በጣት አሻራ ላይ የተመሠረተ ማንነትን የማረጋገጥ አሠራር የሚያስከትለው ችግር ነው። በእርሻና በባህላዊ ወርቅ ቁፋሮ የሚተዳደር ሰው የጣቱ አሻራ ደብዝዞ መሣሪያው ላያነበው ይችላል። አሻራው ባለመነበቡ ብቻ መብቱን እንዳያጣ አማራጭ መንገድ ሊዘጋጅለት ይገባል።

አራተኛው የመረጃ ጥበቃ ነው። የመራጮች መዝገብ ማን የት እንደሚኖር የሚያሳይ በመሆኑ፣ ግጭት ባለፈበት አካባቢ አላግባብ ቢወጣ ጉዳቱ ከምርጫ አልፎ የሰውን ደኅንነት ይነካል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ያስገድዳል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል።

ዜጎች ምን ሊያደርጉ ይገባል?

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 መሠረት ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ በሕግ መሠረት የመምረጥ መብት አለው። ምርጫን የሚያስፈጽመው ከማንኛውም ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ የተቋቋመው ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ብቻ በመሆኑ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት መስጫዎች የመራጭነት ምዝገባ እንደማይከናወን ተገልጋዮች ሊገነዘቡ ይገባል። ከዚህ አኳያ የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ማለት ይጠቅማል።

• የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ መያዝ ብቻውን በመራጭነት መመዝገብ ማለት አይደለም። ምዝገባው ቦርዱ በሚያሳውቀው ጊዜ በተናጠል ይፈጸማል።

• በምዝገባ ወቅት ስምዎ፣ የአባትዎና የአያትዎ ስም በመታወቂያዎ ላይ እንዳለው መጻፉን ከመሣሪያው ላይ አይተው፣ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ እንዲነበብልዎ ጠይቀው ያረጋግጡ።

• የመራጭነት ማረጋገጫዎን በጥንቃቄ ይያዙ፤ ለማንም ሰው አሳልፈው አይስጡ።

• የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ይፋ በሚሆንበት ጊዜ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሄደው ስምዎን ይፈልጉ። ስሕተት የሚታረመው ያን ጊዜ ነው፤ በድምፅ መስጫው ዕለት የሚቀርብ ቅሬታ ብዙ ጊዜ የዘገየ ይሆናል።

• ስምዎ ከቀረ ወይም በስሕተት ከተጻፈ፣ በምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 በተዘረጋው ሥርዓት መሠረት አቤቱታዎን በቅድሚያ ለምርጫ ጣቢያው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያቅርቡ። በውሳኔው ካልተስማሙ ጉዳዩን እስከ ፍርድ ቤት ማድረስ ይችላሉ።

• ከመኖሪያ ቀያቸው የተፈናቀሉ ዜጎች በሕጉ ስለተፈቀዱት ልዩ የምርጫ ጣቢያዎች ከቦርዱ ጽሕፈት ቤት መረጃ እንዲጠይቁ ይመከራል።

በአጠቃላይ፣ ቴክኖሎጂ ምዝገባን ሊያፋጥን ይችላል፤ ዜጋው መዝገቡን ራሱ ማየቱን ግን ሊተካ አይችልም። መዝገብን መመርመርና ስሕተትን ማሳረም አለመተማመን አይደለም፤ ምርጫው እንዲታመን የሚያደርገው ይኸው ነው።