የክረምቱን ኩሬ በበጋ አይታችሁ አትፍረዱበት

በሐምሌና በነሐሴ በሰሜን ተራሮች ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር ካምፕ የሚወጣ ሰው በሜዳው ጎድጓዳ ስፍራ ሁሉ ውሃ አቁሮ ያያል። ያው ሰው በጥር ቢመለስ የሚያገኘው የተሰነጠቀ ጭቃና የተጋጠ ሣር ነው። ቦታው ሥራ ፈት ይመስላል። የችግኝ ጉድጓድ የሚቆፈረው፣ ቦይ የሚወጣው፣ የመንገድ አፈርና ድንጋይ የሚደፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ በበጋ ነው።

ኩሬው በየዓመቱ ስለሚደርቅ ዓሣ አይኖርበትም፤ ለእንቁራሪት መራቢያ የሚያመቸውም ለዚህ ነው። እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ ግልገሉ እግር አውጥቶና ጭራው ጠፍቶ ወደ ሣሩ እስኪዘል ሳምንታት ይወስዳል። ውሃው በነሐሴ በቦይ ቢፈስስ የዚያ ዓመት ግልገል በሙሉ ጭቃ ላይ ይቀራል። ኢትዮጵያ ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የመሰሎቿ ዝርያዎች አሏት፤ ከእነዚህም ከአምስቱ ሁለት ያህሉ በሌላ ሀገር አይገኙም። በእኛና በኤርትራ ደጋ ብቻ የምትኖረው ቡናማ የረግረግ ወፍም ምግቧን የምትለቅመው ከእንዲህ ያለው እርጥብ ሜዳ ነው።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ፣ በ2017 ወጣ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስማቸው ሲነሳ የኖረው ዋልያና ቀይ ቀበሮ ናቸው። ይገባቸዋል። ኩሬው ግን ብዙም አይነሳም፤ ሳይነሳ የቀረ ነገር ሲጠፋም አይታወቅም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ እንዲህ ያሉት የክረምት ኩሬዎች ከ90 በመቶ በላይ እንደጠፉ ይነገራል። አብዛኞቹ ታርሰውና ተደልድለው ካለቁ በኋላ ነው ሰው የነቃው።

የደባርቅና የዳባት አርሶ አደሮች ሆይ፣ ከገብስ ማሳችሁ ላይ ውሃ ማጠንፈፍ የእናንተ ጉዳይ ነው፤ ልጆቻችሁ የሚበሉት ከዚያ ነው። የምለምናችሁ ስለ ጋራ ግጦሹ ነው። እዚያ ያቆረውን ውሃ በቦይ አታስወጡት፣ ዳሩም ላይ ባሕር ዛፍ አትትከሉ። ባሕር ዛፍ ውሃ እንደሚመጥ ለእናንተ የሚነግር አያስፈልግም። የአረንጓዴ አሻራ አስተባባሪዎችም እርጥብ ሜዳን ከመትከያ ቦታ አውጡት፤ ዛፍ ባይኖረውም የተራቆተ መሬት አይደለም።

አስጎብኚዎችና ሾፌሮች፣ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ሜዳውን እንዳያቦካ ከልክሉ። እንቁራሪት የሚገድል የቆዳ ፈንገስ በሀገራችን ደጋ ተገኝቷል፤ በእርጥብ ጭቃም ይተላለፋል። እንግዳው ሳንቃ በር ከመድረሱ በፊት ጫማውን አጥቦ ያድርቅ።

መምህራን፣ ትምህርት እንደተከፈተ ውሃው ገና አልደረቀም። ተማሪዎቹን ይዛችሁ ውጡ፤ ከየሰፈሩ ሽማግሌ ጋር ሆናችሁ እያንዳንዱን ኩሬ ከነስሙ መዝግቡ፣ ዳሩን በድንጋይ ምልክት አድርጉበት፣ ጩኸቷ የተሰማውን እንቁራሪትና የታየችውን ወፍ ጻፉ። አንዱን ቅጂ ለቀበሌው፣ አንዱን ደባርቅ ላለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እስከ ጥቅምት መጨረሻ አስገቡ፤ የችግኝ ጉድጓድ ቁፋሮ ሲጀመር መዝገቡ በቆፋሪዎቹ እጅ ይሁን።