ጭሱ ያረፈባቸው ሰዎች

የእንፋሎት ባቡር ሥዕልና ፎቶግራፍ የተሰቀለበት አዳራሽ ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚፈልገው ሰው ነው። ሐዲዱ ዳር ልብስ አጥባ ያሰጣች፣ ምድጃ ፊት ቆሞ ከሰል የሚዝቅ፣ በሌሊት ፉጨት ከእንቅልፉ የሚነቃ። እነዚህ ከሌሉ የሚቀረው ብረት ማድነቅ ነው፤ ብረት ማድነቅ ደግሞ እኔን ከሁለተኛው ክፍል አያሳልፈኝም። ባቡር ወዳዶች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። ይቆጡ።

ታላላቆቹ ሠዓሊዎችም ቢሆኑ ልባቸው ጭሱ ላይ ነበር። ተርነር እ.ኤ.አ. በ1844 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለንደን ላይ ባሳየው ሥዕሉ፣ በዝናብ ውስጥ ድልድይ ተሻግሮ ከሚመጣ ባቡር ፊት ጥንቸል አስሩጧል፤ ቀለሙ ስለደበዘዘ ዛሬ ጥንቸሏን ለማግኘት ጠጋ ብሎ መፈለግ ግድ ነው። ሞኔ በ1877 የፓሪሱን ሳን ላዛር ጣቢያ ደጋግሞ ሥሎ በዚያው ዓመት ለሕዝብ ሲያቀርብ ትኩረቱ እንፋሎቱና ብርሃኑ ላይ ነበር፤ ተሳፋሪው ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ቀርቷል። በ2008 የሊቨርፑሉ ዎከር ጋለሪና የካንሳስ ሲቲው ኔልሰን አትኪንስ ሙዚየም በጋራ አንድ ትልቅ ኤግዚቢሽን አሰናድተው ከ1830 እስከ 1960 ያለውን የባቡር ሥነ ጥበብ አሳይተው ነበር። 1830 ሊቨርፑልን ከማንቸስተር ያገናኘው መሥመር የተከፈተበት ዓመት ነው። በ1960 ደግሞ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ፎቶግራፍ አንሺ የባቡር ሥራውን ጨረሰ።

ዊንስተን ሊንክ ይባላል። በ1914 ብሩክሊን የተወለደ፣ ሲቪል ምህንድስና የተማረ፣ እንጀራውን በማስታወቂያ ፎቶ የሚበላ ሰው ነበር። በ1955 ለሥራ ወደ ቨርጂኒያ ሲሄድ፣ ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን የተባለው ኩባንያ አሁንም በእንፋሎት እንደሚሠራ አየ። ሌሎቹ ትላልቅ የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎች በአብዛኛው ወደ ናፍጣ ዞረው ነበር። ይህኛው የቆየበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሚጭነው ከሰል፣ የሚያነደው ከሰል፣ ሎኮሞቲቮቹንም ሮኖክ ከተማ በራሱ ፋብሪካ የሚሠራ ድርጅት ነበር። ሊንክ ለኩባንያው ደብዳቤ ጽፎ ፈቃድ አገኘና እስከ መጨረሻው ድረስ አምስት ዓመት ያህል፣ በአብዛኛው ከራሱ ኪስ እያወጣ ተመላለሰ።

ያነሳውም በአብዛኛው በሌሊት ነው። ቀን ላይ ፀሐይ የት እንደምትሆን ማዘዝ አይቻልም፣ ሐዲዱንም ማዞር አይቻልም፤ ሌሊት ግን ብርሃን ያለው እሱ ባስቀመጠበት ብቻ ነው። እዚህ ላይ መሐንዲስነቱ ይታያል። የዚያን ጊዜ የፍላሽ አምፖል አንዴ ብልጭ ብሎ የሚጣል ነበር። ሊንክ በደርዘን የሚቆጠር አምፖል በየዛፉና በየጣሪያው ሥር ሰቅሎ፣ ረጅም ሽቦ ዘርግቶ ሁሉንም በአንድ መሥመር ያያይዛቸዋል። አንዱ ከከዳ ሁሉም ይከዳሉ። ከረዳቱ ጋር ሲፈትሽና ሲያስተካክል ይውልና ባቡሩ ሲደርስ ሁሉ ነገር በአንዲት ቅጽበት ያልቃል፤ ተሳካም ከሸፈም።

ከሥራዎቹ ዝነኛው በነሐሴ 1956 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ዬገር በምትባል ትንሽ ከተማ የተነሳው ነው። መኪና ውስጥ ተቀምጦ ፊልም የሚታይበት ሜዳ ነው። ወንድና ሴት ጣሪያው በተከፈተ መኪና ውስጥ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። መኪናው የራሱ የሊንክ ቡዊክ ነው። ስክሪኑ ላይ የጦር ጄት ይበራል፤ ከሜዳው ጀርባ የእንፋሎት ባቡሩ ነጭ ጢሱን እየተፋ ያልፋል። ጥንዶቹ ዞር ብለው አላዩትም። የባቡሩ ዘመን ማለፉን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

ጄቱ ግን ተለጥፎ የገባ ነው። የፍላሹ ብርሃን ስክሪኑን ስላነጣው ሊንክ የአውሮፕላኑን ምስል ከሌላ ኔጌቲቭ አምጥቶ ጨመረበት። «ታዲያ ይሄ ውሸት አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። እኔን አያስጨንቀኝም። ሰዎቹንም ያስቀመጣቸው እሱ ነው፣ መብራቱንም የተከለው እሱ ነው፤ ፎቶው ከመጀመሪያውም እንደ ቴአትር የተዘጋጀ ነው። እንደዚያም ሆኖ ልጆች ወንዝ ሲዋኙ፣ አሮጌ የቤንዚን ፓምፕ በእጅ ሲሠራ፣ ሳሎን ውስጥ በመስኮት ባቡር ሲታይ እናያለን። ሊንክን ከብረት አድናቂዎቹ የሚለየው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ባቡሩን ከሰው ኋላ አቆመው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ያ ዘመን ቨርጂኒያ ውስጥ ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለይቶ የሚኖርበት ነበር። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ባቡር ላይ ጥቁር ሠራተኛ ሐዲድ ይዘረጋል፣ እሳት ያነዳል፣ ሻንጣ ይሸከማል፤ የነጂው ወንበር ግን የነጭ ነበር። ያ ሁሉ ከሰል የወጣበት የዌስት ቨርጂኒያ ማዕድንም ብዙ ጥቁር ቆፋሪዎች ነበሩት። በሊንክ ስመ ጥር ፎቶዎች ውስጥ ፈገግ ብለው የሚታዩት ግን በብዛት ነጮች ናቸው። ፎቶ መለጠፉን ይቅር የሚል ሰው ይህን መጠየቅ አለበት፤ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁትም ከፎቶው ጎን ይህን ጽፈው ቢሰቅሉ የሊንክ ክብር አይቀንስም።

የሊንክ ሙዚየም በ2004 የተከፈተው በዚያው በሮኖክ፣ በኩባንያው የቀድሞ የመንገደኞች ጣቢያ ውስጥ ነው። ሰውየው ከመከፈቱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ስለሞተ አላየውም። ዋሽንግተንና አሌክሳንድሪያ ላለ አበሻ ከ2017 ጀምሮ እስከ ሮኖክ የሚወስድ ባቡር አለ። በናፍጣ ነው የሚሄደው፣ አይክፋችሁ።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሐሳቤ ድሬዳዋ ይሄዳል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ 784 ኪሎ ሜትር። ድሬዳዋን ከነከዚራ ሰፈሯ የወለዳት ባቡር ነው። በ1950ዎቹ ናፍጣው እስኪተካው ድረስ በእንፋሎት ሠርቷል። የዚያ ዘመን ፎቶ ጥቂት አይደለም፤ ብዙው ግን የውጭ አገር ሰው ያነሳው፣ በፖስታ ካርድ የዞረ ነው። ድልድዩ ስም አለው፣ ጣቢያው ስም አለው፤ አካፋ ይዞ ሎኮሞቲቩ አጠገብ የቆመው ሰው ስም የለውም።

አንድ ቀን ድሬዳዋ ወይም ለገሃር የእንፋሎት ዘመን ኤግዚቢሽን ቢዘጋጅ፣ ሎኮሞቲቭ የሚያውቅ ባለሙያ ብቻውን እንዳያዘጋጀው እለምናለሁ። የምድር ባቡር ቤተሰቦች ይጠሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጎረምሳ የነበረ እሳት አንዳጅ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ዘጠና ዓመት ይጠጋዋል፤ ስለዚህ ቶሎ ይጠሩ። አባቱ ወይም አያቱ ምድር ባቡር የነበሩ ሰው፣ አልበሙ ውስጥ ኮፍያ አድርገው በሰልፍ የቆሙበትን ፎቶ ያውጣና እማማን አጠገቡ አስቀምጦ «ይሄ ማነው? ያኛውስ?» እያለ ጀርባው ላይ በእርሳስ ይጻፍ። እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል።